ለሚጠብቅ ሞኝ የቀረበ ውዳሴ

ብልጥ ወዳሽ አጥቶ አያውቅም። ቀድሞ የሞላ፣ ቀድሞ የወጣና ቀድሞ የገባ ሹፌር በመናኸሪያው ሁሉ ስሙ ይነሣል። ባለንብረቱ ይወደዋል፣ ተራ አስከባሪው ያከብረዋል፣ ረዳት ሁሉ ከእሱ ጋር መሥራት ይመኛል። ሞኙን ግን የሚያወድሰው የለም። ወንበሩ ሞልቶ፣ መውጫ ወረቀቱን አስመትቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ «ከሳይንት የሚመጣው መኪና ገና አልገባም፤ ጥቂት እንጠብቃቸው» ብሎ ሞተሩን መልሶ የሚያጠፋ ሹፌር አለ። ተሳፋሪው ይጮህበታል፣ ረዳቱ ያኮርፍበታል፣ ከኋላው ተራ የያዘው ባልደረባው ጥሩምባ ይነፋበታል። ይህ ውዳሴ ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ሞኝ አይደለም ብዬ አልከራከርለትም። ስማቸውን ለማያውቃቸው፣ ነገ ለማያገኛቸው ሰዎች ሲል የራሱን ሰዓት የሚሰጥ ሰው በገበያው ሚዛን ሞኝ ነው። የምለው፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ መንገደኛ ካሰበበት የሚደርሰው በእንዲህ ያለው ሞኝነት ነው። ስለዚህ ሞኝነቱ ሊከበር፣ ዋጋው ሊከፈል፣ ከሰው ጠባይ ወጥቶም የመናኸሪያ ደንብ ሊሆን ይገባል።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ በደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ለሚመጣ ደግሞ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ከደሴ ወጥቶ ወደ ጉጉፍቱ ብርድ ይወጣል፣ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ በአቀስታ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ቦረና ይዘልቃል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ያለው መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ በጎጃም ጉንደ ወይን ብቅ ይላል። በሰሜን ሳይንት፣ በደቡብ ወግዲ አሉ። ከተማዋን ከነዚህ ሁሉ ጋር የሚያገናኛት መኪና ነው። መኪናው ደግሞ አንድ ሆኖ አያውቅም። ከሳይንት ገጠር ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ይቀይራል። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ወደ ቱሉ አውሊያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ግቢ የሚመጣው የደቡብ ወይም የምዕራብ ልጅ በየከተማው እየቀየረ ነው የሚደርሰው። ወደ ተድባበ ማርያም የሚሳለም ምእመን ይቀይራል፤ የጨርቅ ነጋዴው፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ገበሬ፣ እረፍቱን ለማሳለፍ ወደ ወላጆቹ የሚመለሰው አስተማሪ ይቀይራሉ። ለእነዚህ ሁሉ ጉዞ ማለት መኪና ውስጥ ያለው ሰዓት ብቻ አይደለም። ከአንዱ ወርዶ ሌላው እስኪገኝ ያለው ሰዓትም ጉዞ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚያደክመው እሱ ነው።

ይህ የእኛ ሰው ስሜት ብቻ አይደለም። በልዩ ልዩ አገር የትራንስፖርት ጥናት የሚሠሩ ሰዎች፣ ቆሞ መጠበቅ ለተሳፋሪ ተቀምጦ ከመጓዝ በላይ እንደሚከብደው ደጋግመው አይተዋል፤ በስሌታቸው ላይ ብዙ ጊዜ በ2 እጥፍ ያህል ይይዙታል። አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ሰዓት እንደተጓዘ ይቆጠራል ማለት ነው። መኪናው መቼ እንደሚመጣ ካላወቀ፣ ዕቃው ከእጁ ከራቀ፣ ልጅ ካዘለ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

አሁን የመናኸሪያውን ሰዓት እንይ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ነውና። ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ በአገራችን የሚነሣው በንጋት ነው። 12 ሰዓት ይወጣል፤ አንዳንዱ ከዚያም ይቀድማል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ገደሉ፣ ጭጋጉና የጨለማው አደጋ ስላለ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሌሊቱን እንዲጓዝ አይፈለግም፤ ስለዚህ የቀኑን ብርሃን ከጫፉ ጀምሮ መጠቀም ያስፈልጋል። ደሴም በንጋት ያሰናብታል፣ መካነ ሰላምም በንጋት ያሰናብታል፣ አዲስ አበባም እንዲሁ። እያንዳንዱን ለብቻው ላየው ሰው የማይነቀፍ ብልህነት ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን መኪናው ሁሉ የሚወጣው ከሌላ ቦታ የተነሣ ሰው ሊደርስበት በማይችልበት ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ከሳይንት ቀበሌ በንጋት የተነሣ ሰው መካነ ሰላም ሲገባ የማለዳው የደሴ አውቶቡስ ከወጣ ሰዓታት አልፈዋል። አድሮ በነጋታው ደሴ ቢገባ የአዲስ አበባው እንዲሁ ሄዷል። ሁለት ቦታ የሚቀይር ሰው ሁለት ሌሊት ያድራል። ሁለት አልጋና ሁለት እራት ከኪሱ ይወጣል፤ ሻንጣውን አቅፎ የሚያድርበት ሁለት ጭንቅ አለ። የትኬቱ ታሪፍ ላይ ይህ ወጪ የትም አልተጻፈም። ታሪፍ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል፤ አልጋውን የሚቆጥር የለም።

ይህን የሚያስታርቁት በየመሀሉ ያሉት ኮስተሮች፣ አባዱላዎችና ሚኒባሶች ናቸው። እነሱ ቀን ይሠራሉ፤ ሕጋቸው ግን ሞልቶ መሄድ ነው። ባለመኪናው ባዶ ወንበር ይዞ መውጣት አያዋጣውም፤ ነዳጁ ውድ ነው፣ ጎማው ውድ ነው፣ የቀን ገቢ የሚጠብቅ ባለንብረት ከኋላው አለ። ስለዚህ ወንበሩ እስኪሞላ የሚከፈለው በተሳፋሪው ሰዓት ነው። መጀመሪያ የገባው ሰው ከሁሉ የበለጠ ይከፍላል፤ መጨረሻ ላይ ዘሎ የገባው ምንም አይከፍልም። ብልጥ ተሳፋሪም ይህን አውቆ ውጭ ቆሞ ቡና ይጠጣል፣ ሌላው ገብቶ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሁሉም ብልጥ በሆነበት ቀን መኪናው ባዶውን ይውላል። ያን ቀን መኪናውን የሚያስወጣው መጀመሪያ ገብቶ የተቀመጠው ሞኝ ነው። እሱን አይቶ ሁለተኛው ይገባል፣ ሁለቱን አይተው ሦስቱ ይከተላሉ። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ፀሐይ የሚመታውን፣ ብቻውን ያለውን ያን የመጀመሪያ ሰው ከሹፌሩ አጠገብ አድርጌ አወድሰዋለሁ።

አቀስታ ላይ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ወደ ደሴ የሚሄድ ኮስተር ሞልቶ ሊወጣ ሲል የረዳቱ ስልክ ጮኸ። በሚኒባስ ከታች የሚመጣ ሰው ነበር፤ «ደርሰናል፣ በሞቴ ያዙልን» ይላል። ረዳቱ ሹፌሩን አየው፣ ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ። መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ተቆጣ፤ «ለአንድ ሰው ብለህ ነው እኛን ሁሉ የምታቆመን?» አለው። ሹፌሩ መልስ አልሰጠም። ከቆይታ በኋላ ሚኒባሱ ገባና አንዲት አሮጊት ሕፃን አዝለው ወረዱ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ «እማማ፣ ደሴ ነዎት? ይምጡ፣ ይምጡ፤ ዕቃውን ለእኔ ይስጡኝ» አላቸው። እሳቸውም «እድሜ ይስጥህ የኔ ልጅ፤ ሐኪሙ ዛሬ ድረሱ ብሎን ነው» እያሉ ገቡ። የተቆጣው ሰው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸውና እሱ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ያ ሹፌር ባይጠብቅ ኖሮ አሮጊቷ አቀስታ ሊያድሩ፣ ቀጠሮው ሊያልፍ፣ ሕፃኑ በዚያ ብርድ አንድ ሌሊት ሊጨመርበት ነበር። መጠበቁን የሚከለክል ደንብ በመናኸሪያው አልነበረም፤ የሚያዝም አልነበረም። የነበረው የሁለት ሰዎች ሞኝነትና አንድ ስልክ ነው።

ሰዎች ይህን ደግነት ብለው ያልፉታል። እኔ ከደግነት በላይ አየዋለሁ፤ ሙያ ነው። ለዚህ አገርም አዲስ ሙያ አይደለም። በዓባይ ላይ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከወሎ ወደ ጎጃም፣ ከጎጃምም ወደ ወሎ የሚሻገር ነጋዴ ለብቻው ወደ በረሃው አይወርድም ነበር። ወንዙ አዞ አለበት፣ ቆላው ወባ አለበት፣ መንገዱ ሽፍታ አለበት። ቅፍለቱ ደጋው ላይ ሰፍሮ የቀረውን ይጠብቃል። አህያው የደከመበት፣ በቅሎው ያነከሰችበት፣ ገበያው የዘገየበት ሲደርስ አንድ ላይ ይወረዳል። ነጋድራስ ሆኖ ቅፍለት የሚመራ ሰው ክብሩ መቼ መነሣት፣ መቼም መቆም እንዳለበት ማወቁ ነበር። ቀድሞ የወረደ ብልጥ ገበያውን ለብቻው ሊይዝ ይችላል፤ ለብቻውም ይዘረፋል። እኛ መኪና ስናገኝ የቅፍለቱን መጠበቅ ጥለን ሽሚያውን ያዝን። ድልድዩ ወንዙን አቀለለልን፤ ሰውን ከሰው የሚያገናኘውን ሥርዓት ግን አልተካልንም።

ደጋው ሌላም ሥርዓት ነበረው። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል ይገባል። ውሃ ቀርቦለት እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይበላል፣ ከእሳቱ አጠገብ መደብ ይነጠፍለታል። በቦረናና በሳይንት፣ በለጋምቦም ቢሆን፣ ባለቤቱ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ይህ አይለወጥም ነበር። ስሙን ከጠየቁት በኋላ የሚጠይቁት የሚሄድበትን ነው፤ ጠዋትም አንድ ልጅ ከመንገዱ መገንጠያ ድረስ ይሸኘዋል። ያልታወቀን ሰው በሌሊት ወደ ቤት ማስገባት ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ቤት ነው። ግን ከመኪና በፊት ይህን ደጋ ለመንገደኛ ያስቻለው ያ ደጃፍ ነው። መሸጋገሪያው፣ ማደሪያው፣ መረጃ መስጫው እሱ ነበር። ዛሬ በየመናኸሪያው ዙሪያ ያለው አልጋ ቤት ቦታውን ወስዷል፤ ገንዘብ የሌለው ግን የትም አይገባም። መናኸሪያው ማታ ይዘጋል፤ ዘበኛው አውጥቶ ይቆልፋል። በዘበኛው አልፈርድም፣ የታዘዘው ነው። ነገር ግን በየቦታው አንዳንድ ሞኝ ዘበኛ አለ፤ ሴትና ሕፃን ሲያይ በሩን ገርበብ አድርጎ ከጥበቃ ቤቱ ጎን ካርቶን የሚያነጥፍ። አለቃው ቢሰማ ይቀጣው ይሆናል። በእኔ እጅ ቢሆን ግን ያ ዘበኛ ያደረገው ነገር ነበር የመናኸሪያው ንድፍ የሚሆነው። አንድ ክፍል፣ መብራት፣ አግዳሚ፣ ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ዕቃ የሚቆለፍበት ሳጥን። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይደለም።

ማደር ካልቀረ፣ ማደሩ የጉዞው አካል እንዲሆን ማድረግ እንደሚቻል በራሳችን አገር ታይቷል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በመጀመሪያ ዘመኑ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። ጉዞው 3 ቀን ይፈጃል፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴልም የዚያ ዘመን ነው። ባቡሩ በሌሊት ካልሄደ ሰው የት ያድራል ብሎ የጠየቀ ሰው ነበረ ማለት ነው። ሐዲድ እየዘረጉ ስለ ትራስና ስለ እራት ማሰብ ለመሐንዲስ ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን የጊዜ ሰሌዳው እውነቱን ተናግሯል። ዛሬ እንደዛሬ ይቆጠራል፣ ነገ እንደ ነገ፤ ያደረውም ሰው ጠዋት ባቡሩ ጥሎት እንደማይሄድ ያውቃል።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሞኝነትን በመንግሥት ደረጃ ያከበረች አገር ናትና። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1982 የባቡሮቿን ሰሌዳ ከሥሩ ለወጠችና ባቡሮቹ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲመላለሱ አደረገች። በ1987 ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ ባቡር 2000 የተባለውን ዕቅድ አጸደቀ፤ በ2004 መጨረሻም ዋናው ክፍሉ ሥራ ጀመረ። የዕቅዱ ሐሳብ ባቡር የሚችለውን ያህል ሳይሆን የሚያስፈልገውን ያህል ይፍጠን የሚል ነው። በትልልቆቹ ጣቢያዎች ባቡሮቹ ከየአቅጣጫው ሰዓቱ ሊሞላ ሲል አብረው ይገባሉ፣ ሰው ይለዋወጣሉ፣ ሰዓቱ እንደሞላ አብረው ይወጣሉ። ከዙሪክ በርን ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ያልፍ ስለነበር አዲስ መስመር ሠርተው ወደ 56 ደቂቃ አወረዱት፤ ሰዓቱ ከመሙላቱ በፊት መግባት ነበረበትና። ከዚያ በታች ለማውረድ ግን አልተጣደፉም፤ ቀድሞ የገባ ባቡር የሚጠብቀው ሰው ገና ካልደረሰ መፍጠኑ ለማን ይጠቅማል? በተራራው መንደር ያለው ቢጫ የፖስታ አውቶቡስም የባቡሩን ተሳፋሪ ለመቀበል ተሰልቶ የቆመ ነው። እነሱ ለዚህ ብዙ ቢሊዮን ፍራንክ አፍስሰዋል፤ እኛ ያ ገንዘብ የለንም። የሐሳቡ ግማሽ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአቀስታና የመካነ ሰላም መናኸሪያ ኃላፊዎች ቁጭ ብለው የአንዱ መግቢያ የሌላው መውጫ እንዲሆን መስማማታቸውን ነው። በንጋት ከሚወጡት መኪኖች አንዱን ወደ ቀትር ማዛወር ይቻላል። ከመካነ ሰላም ቀትር ላይ የሚወጣ አንድ መኪና ቢኖር ከሳይንትና ከወግዲ በንጋት የተነሣውን ሰው ተቀብሎ አቀስታ በብርሃን ሊያደርሰው ይችላል። የመኪና ቁጥር አይጨምርም፤ የሚለወጠው ስምሪቱ ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ የራቀች አይደለችም። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነበሩ፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው በጋራ በሚሄዱበት ሐዲድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲቀይር ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የባቡሩ ትኬት የባቡሩ ብቻ ሆነ፣ የአውቶቡሱም የአውቶቡሱ ብቻ። ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ የሚይዝ ሠራተኛ እንደገና ይከፍላል፣ እንደገና ይሰለፋል። ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ላምበረት መናኸሪያ ጎህ ሳይቀድ መድረስ አለበት፤ በዚያ ሰዓት የከተማ አውቶቡስ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ከመናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይይዛል፣ ወይም ለታክሲ ኮንትራት ይከፍላል። ጉዞው ገና ሳይጀመር የመጀመሪያው ሽግግር ተበላሽቷል።

ከሞኞቹ ሁሉ ከባዱን ሥራ የሚሠራው እውነቱን የሚናገረው ረዳት ነው። ብልጡ ረዳት «ቀጥታ! ቀጥታ መካነ ሰላም!» ብሎ ይጣራል፤ ሰው አምኖ ይከፍላል። አቀስታ ሲደርሱ «ከዚህ ወዲያ ሰው የለም፣ ሌላ መኪና ትዛወራላችሁ» ይባላል። ገንዘቡ በሁለቱ ሹፌሮች መካከል ይከፋፈላል፣ ሂሳቡ አይስማማም፣ ሁለተኛው ሹፌር ጭማሪ ይጠይቃል፣ ሻንጣ ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው ጣራ ሲወረወር የአንዷ ማር ይፈሳል። ተሳፋሪ እንደ ጭነት ይዛወራል። ይህን ስጽፍ ንዴቴን አልደብቅም፤ ሰውን ከነሙሉ ክፍያው መንገድ ላይ ማራገፍ ነውር ነው፤ ተሳፋሪው ደረሰኝ ይዞ የሚከስበት ጥፋት መሆን አለበት። ሞኙ ረዳት ግን ከደሴ ሲነሣ «እኛ የምንደርሰው አቀስታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዛሬ መኪና ላይኖር ይችላል፣ አስባችሁ ግቡ» ይላል። ይህን ሰምተው ሁለት ሦስት ሰዎች ይወርዳሉ፤ ገቢው ይቀንሳል፤ ባለንብረቱ ማታ ይሰድበዋል። የቀሩት ተሳፋሪዎች ግን ዘመድ ደውለው አልጋ ይይዛሉ፣ እራታቸውን ይቋጥራሉ፣ ለልጁ ጋቢ ይጨምራሉ። ያወቀ ሰው መጠበቅ ይችላል። የሰዓት ሰሌዳ በግድግዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ቢታይ እንኳ ይህን የረዳቱን ሞኝነት ግማሽ መንገድ ያግዘዋል፤ ዛሬ መጨረሻ የሚወጣው መኪና ስንት ሰዓት ነው፣ የሚደርሰው እስከ የት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይገኛል። ማንበብ ለማይችለው ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ይመደብ።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገዱ በድንገት የሚዘጋበት ቀን በዝቷል። በዚህ ጊዜ ሽግግር ማለት ከመኪና ወደ መኪና መቀየር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ከአንድ ከተማ ወጥቶ ሌላው ሳይደርስ መሀል ላይ መቅረት አለ። እንዲህ ባለ ቀን ስለ መጠበቅ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውሎ ሳያጣራ ሰው የማይጭን፣ ያልታወቀ ነገር ካለ «ዛሬ አልወጣም» የሚል፣ ከመሀል መንገድም ቢሆን ተሳፋሪውን ይዞ የሚመለስ ሹፌር ሂሳቡን አጥቶ ሰው አትርፏል። በሌሎቹ ዓይን ገበያ ያመለጠው ሞኝ ነው። የተሳፋሪዎቹ እናቶች ግን ስሙን ቢያውቁት በጸሎታቸው ያስገቡት ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሞኝነት በሰው ኪስ ላይ ብቻ ከተጫነ አይዘልቅምና። ሹፌሩ ቢጠብቅ የሚከስረው እሱ ነው፣ ረዳቱ እውነት ቢናገር የሚሰደበው እሱ ነው፣ ዘበኛው በር ቢከፍት የሚቀጣው እሱ ነው። ጥቅሙን ሁላችንም እየወሰድን ዋጋውን በሦስት ሰዎች ላይ ጥለናል። ይህ አይገባም። 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሲነሣ 3 ወንበር ባዶ ይዞ ይውጣ እንበል፤ በየመሀሉ ተቆርጦ የቀረ፣ ከሌላ መኪና የወረደ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው እንዲቀመጥባቸው። በ42 ሰው የ45ቱን ገቢ ለመሙላት 100 ብር የነበረው ታሪፍ 107 ብር ገደማ ይሆናል። ይህም ሦስቱ ወንበሮች እስከ መጨረሻው ባዶ ቢቀሩ ነው፤ አቀስታ ላይ ሰው ከተቀመጠባቸው ከዚያ ወዲያ ያለው ሂሳብ ይመለሳል፤ ጭማሪውም ያንሳል። ሰባቷን ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ፤ እኔም አንድ ቀን ከሌላ መኪና የምወርደው ሰው ልሆን እችላለሁ። ለመጠበቁም እንዲሁ ልክ ይበጅለት፤ የመጨረሻው የቀን መኪና መንገድ ላይ ነኝ ብሎ የደወለውን መኪና እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቅ፣ የጠበቀበትም በመውጫ ወረቀቱ ላይ ይመዝገብለትና ከተራው አይቀነስበት። ትኬቱም እስከ መጨረሻው መድረሻ አንድ ይሁን፤ ደሴ ላይ የተቆረጠው ወረቀት አቀስታ ላይ ያለ ጭማሪ ያስቀምጥ። ለሙከራ አንድ መስመርና አንድ የገበያ ወር ይበቃል፤ ከደሴ መካነ ሰላም ያለው መስመር ይመረጥ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች የሚያድለው በአቀስታ መናኸሪያ የሚመደብ አንድ ስልክ የያዘ ሰው ይሁን፣ ደመወዙም ወንበሮቹ ሲሞሉ ከሰባቷ ብር ከሚተርፈው ላይ ይውጣ።